ከጤፍ ቅንጣት ያነሰች ጓዳ

የመስቀል ሰሞን ነው እንበል። መርካቶ ውስጥ ሱቁን ሊዘጋ የተቃረበ ነጋዴ ቡታጅራ ለሚኖሩ እናቱ ይደውላል። «እማዬ፥ ነገ በጠዋት እነሳለሁ» ይላቸዋል። እሳቸውም «በሰላም ያግባህ፥ ልጄ» ብለው ይመርቁታል። ይህ ምርቃት በምን ተጭኖ ነው ተራራና ሸለቆ ተሻግሮ አዲስ አበባ የሚደርሰው?

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፥ እ.ኤ.አ. በ1894 ስልክ ወደ አገራችን ሲገባ ድምፅ የሚጓዘው በሽቦ ነበር። ዛሬ ድምፁ ከእጅ ስልኩ እስከ አቅራቢያው ማማ በሬዲዮ ሞገድ ከሄደ በኋላ ረጅሙን መንገድ የሚያቋርጠው በአብዛኛው ብርሃን ሆኖ ነው፤ እምብርቱ ከሰው ፀጉር በቀጠነ የብርጭቆ ክር ውስጥ። ያን ብርሃን የምታመነጨው ደግሞ ከጤፍ ቅንጣት ያነሰች የክሪስታል ቁራጭ ናት። የእናት ምርቃት ወደ ብርሃን የሚለወጠው በዚያች ቁራጭ ውስጥ ባለች ጠባብ ጓዳ ነው።

ስለ ነገሥታትና ስለ ጦር ሜዳ ብዙ ተጽፏል። የዚህች ጓዳ ታሪክ ግን በቋንቋችን እምብዛም አልተተረከም። ውድ አንባቢ፥ ሥነ ጽሑፍን የሚወድ ሰው ከፊዚክስ ጋር ምን አገናኘው ትል ይሆናል። ታሪኩ በመሠረቱ የአበቃቀል ታሪክ ነውና ታገሠኝ፤ አንድ ነገር ከሌላ ቦታ መጥቶ ሲለጠፍና ከሥሩ ሲበቅል ስላለው ልዩነት የሚናገር ነው።

ሌዘር የሚባለው ብርሃን መነሻው እ.ኤ.አ. በ1917 አልበርት አይንስታይን ያቀረበው ሐሳብ ነው። ጉልበት ተሞልቶ የቆመ አተም አጠገብ ተስማሚ ብርሃን ሲያልፍ አተሙ ያጠራቀመውን ጉልበት ይለቃል፤ የሚለቀውም ብርሃን ካለፈው ብርሃን ጋር በቀለም፥ በአቅጣጫና በእርምጃ አንድ ይሆናል። አውራጁ ዜማውን ሲያወጣ ተቀባዩ በዚያው ድምፅ እንደሚከተለው ማለት ነው። ነገር ግን አንድ አውራጅና አንድ ተቀባይ ጉባኤ አይሆኑም። ብርሃኑ በተሞሉት አተሞች መካከል ደጋግሞ መመላለስና በየምልልሱ አዳዲስ ተቀባዮችን መጨመር አለበት። ለዚህም ብርሃኑን ይዞ የሚያመላልስ ክፍል ያስፈልጋል። የፊዚክስ ሊቃውንት በየቋንቋቸው ልዩ ልዩ ስም ሰጥተውታል፤ እኛ ጓዳ እንበለው። የሌዘር ታሪክ ግማሹ ይህን ጓዳ የመሥራትና የማሳነስ ታሪክ ነው።

የመጀመሪያው ጓዳ ከሰው ሠራሽ ሩቢ ተሠራ። ሩቢን በእሳት ነበልባል አቅልጦ ጠብታ በጠብታ የማሳደግ ዘዴን ፈረንሳዊው ኦጉስት ቬርኖይ እ.ኤ.አ. በ1902 ይፋ አድርጎ ነበር፤ ለጌጥ የታሰበ ጥበብ ነበር። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1960፥ ቴዎዶር ሜይማን የተባለ አሜሪካዊ በካሊፎርኒያ ከጣት አንጓ ብዙም የማይበልጥ የሩቢ ዘንግ ወስዶ ሁለቱን ጫፎች በብር ለበጠ። በኃይለኛ የፎቶግራፍ መብራት ሲያበራበት ከሩቢው ቀይ የሌዘር ብርሃን ወጣ። ክሪስታሉ የራሱ ነበር፤ መስተዋቱ ግን በላዩ ላይ የተለጠፈ ነበር። ይህን እናስታውስ።

ክሪስታል የማሳደግን ጥበብ በተመለከተ በብዕር ለሚኖር ሰው ደስ የሚል አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1916 በርሊን ይሠራ የነበረው ፖላንዳዊ ኬሚስት ያን ቾክራልስኪ አንድ ቀን ማስታወሻ ሲጽፍ ብዕሩን በቀለም ብልቃጥ ምትክ አጠገቡ በነበረው የቀለጠ ቆርቆሮ ውስጥ ነከረው ይባላል። ሲያወጣው ከብዕሩ ጫፍ ላይ ቀጭን የብረት ክር ተንጠልጥሎ ተገኘ። ክሩ ሲመረመር አተሞቹ ከዳር እስከ ዳር በአንድ ሥርዓት የተደረደሩ አንድ ወጥ ክሪስታል ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ጥበቡ ይህ ሆነ፦ ትንሽ የክሪስታል ዘር ወደ ቀለጠው ማዕድን ይነከራል፤ በዝግታ ወደ ላይ ሲሳብ የቀለጠው በዘሩ ላይ ይረጋል፤ የሚረጋውም እያንዳንዱ አተም የዘሩን ሥርዓት ይወርሳል። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ በኋላ በአሜሪካ የቤል ቤተ ሙከራ ጀርማኒየም የተባለውን ማዕድን በዚህ መንገድ ስበው አሳደጉ፤ የትራንዚስተር ዘመንም በዚህ መሠረት ላይ ቆመ።

ጀርማኒየም፥ ሲሊኮንና መሰሎቻቸው ሴሚኮንዳክተር ይባላሉ። ኤሌክትሪክን እንደ መዳብ በነፃ አያሳልፉም፥ እንደ ብርጭቆም ጨርሰው አይከለክሉም። ከእነዚህ አንዱ ጋሊየም አርሰናይድ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ብርሃን የማመንጨት ጠባይ አለው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1962 ሮበርት ሆል የተባለ የጄኔራል ኤሌክትሪክ ተመራማሪ በኒውዮርክ ግዛት፥ በሽኔክታዲ ከተማ፥ ከዚህ ክሪስታል የመጀመሪያውን የሴሚኮንዳክተር ሌዘር ሠራ። በሳምንታት ልዩነትም ሌሎች የአሜሪካ ቤተ ሙከራዎች ተከተሉት። ሆል በወጣትነቱ ኮከብ ማየት የሚወድና የቴሌስኮፕ መስተዋት በእጁ የሚያለሰልስ ሰው ነበር። ያ የልጅነት ፍቅሩ አገለገለው፤ የክሪስታሉን ሁለት ጎኖች እስኪያብረቀርቁ ድረስ ፈገፈጋቸው፤ ብር መለበጥም አላስፈለገውም። ጋሊየም አርሰናይድ ብርሃንን አጥብቆ የሚያጎብጥ ነገር ስለሆነ የለሰለሰ ጎኑ ብቻውን፥ ከውስጥ ከሚደርሰው ብርሃን 30 በመቶ ያህሉን ወደ ውስጥ ይመልሳል።

ብዙም ሳይቆይ ፍግፈጋው ራሱ ቀረ። እንጨት ፈላጭ ግንዱን በቅርፊቱ አቅጣጫ ሲመታው ቀጥ ብሎ እንደሚሰነጠቅለት፥ ክሪስታልም አተሞቹ በተደረደሩበት አቅጣጫ ቢሰበር ማንም እጅ ከሚያለሰልሰው የተሻለ ለስላሳ ገጽ ይወጣዋል። እነሆ መስተዋቱ ከውጭ መምጣቱ ቀርቶ ከክሪስታሉ ሥርዓት ውስጥ መገኘት ጀመረ።

የሆል ሌዘር ግን የሚሠራው በፈሳሽ ናይትሮጅን ቀዝቅዞ፥ ለቅጽበት ብቻ ነበር። በተራ የክፍል ሙቀት ሳያቋርጥ እንዲያበራ ያደረጉት እ.ኤ.አ. በ1970 በሌኒንግራድ ዦሬስ አልፌሮቭና ባልደረቦቹ፥ በአሜሪካም ኢዙኦ ሀያሺና ሞርተን ፓኒሽ ናቸው። ምሥጢሩ የተለያዩ ክሪስታሎችን እንደ እንጀራ ንብብር አንዱን በሌላው ላይ ማሳደግ ነበር። መካከለኛው ሥስ ንብርብር ኤሌክትሮኖቹንም ብርሃኑንም አጥሮ ይይዛል። አልፌሮቭና ኸርበርት ክሮመር ለዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2000 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኑ።

ጓዳዋ ከዚያ በኋላ እያነሰች ሄደች። እ.ኤ.አ. በ1977 ጃፓናዊው ኬኒቺ ኢጋ ብርሃኑ ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ላይ የሚወጣበትን ሌዘር አሰበ። መስተዋቶቹ ከላይና ከታች ንብር በንብር የሚያድጉ ሥሥ ክሪስታሎች ሲሆኑ፥ በመካከላቸው ያለው ጓዳ ርዝመት የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ያህል ብቻ ይሆናል። ዛሬ የባለቤታቸውን ፊት አይተው በሚከፈቱ ስልኮች ውስጥ ያለው የማይታይ ብርሃን የሚመጣው ከዚህ ዓይነቱ ሌዘር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1992 ደግሞ የቤል ቤተ ሙከራ ሰዎች ጠፍጣፋ መስተዋትን ጨርሰው ተዉት። በጉራጌ አገር የሚሠራውን ክብ ቤት ያየ ሰው መሐሉ ላይ የቆመውን ምሰሶና በዙሪያው የተዘረጋውን ክብ ጣሪያ ያስታውሳል። የእነዚህ ተመራማሪዎች ሥራ ያን ይመስል ነበር፤ በቀጭን ምሰሶ ላይ የተቀመጠ፥ ስፋቱ ጥቂት የሚሊ ሜትር ሺኛዎች የሆነ ሥሥ ክብ ክሪስታል። ብርሃኑ የክቡን ጠርዝ ውስጡን ታክኮ ይዞራል። ጠርዙን የሚመታው በአግድሞሽ ስለሆነ መውጣት አይችልም፤ ይመለሳል፥ እንደገና ይዞራል። የዚህ ሐሳብ ጥንተ ነገር ድምፅ ነው። በለንደን የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ጉልላት ሥር ወደ ግድግዳው ጠጋ ብሎ የሚንሾካሾክን ሰው በወዲያኛው ማዶ ጆሮውን ለግድግዳው የሰጠ ሰው ይሰማዋል። ድምፁ ክቡን ግድግዳ ታክኮ እንደሚሄድ ያስረዳው ሎርድ ሬይሊ ነበር። ሹክሹክታ የሚዞርበት አዳራሽ ብርሃን የሚዞርበት ጓዳ ሆነ ማለት ነው።

ይሁንና እዚህ ድረስ ጓዳው ሁሉ የሚሠራው በመቁረጥ፥ በመፈቅፈቅና በአሲድ በማስበላት ነው። ሌላም ችግር አለ። የዓለም ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚሠሩት ከአሸዋ ከሚገኘው ከሲሊኮን ነው፤ ሲሊኮን ግን ብርሃን ለማመንጨት ሰነፍ ነው። የሚሰጡትን ጉልበት ከብርሃን ይልቅ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ብርሃን አመንጪውን ጋሊየም አርሰናይድ በሲሊኮን ላይ ለማሳደግ ሲሞከር ደግሞ የሁለቱ አተሞች ርቀት አይገጥምም፤ የጋሊየም አርሰናይዱ 4 በመቶ ያህል ይሰፋል። አራት በመቶ ለዓይን ኢምንት ናት። በሚሊዮን የሚቆጠሩ አተሞች ሲደረደሩ ግን ውጥረቱ ተጠራቅሞ ክሪስታሉን ከውስጥ ይሰነጣጥቀዋል፤ የተሰነጣጠቀ ክሪስታልም ብርሃኑን ይገድለዋል። በዚህ ምክንያት ሌዘሩን ሌላ ቦታ ሠርቶ በሲሊኮኑ ላይ መለጠፍ የተለመደ መፍትሔ ሆነ።

መለጠፍን ትቶ ማብቀልን የመረጠው መንገድ የመጣው ከትንንሾቹ ክሪስታሎች ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፥ በበርክሊ፥ የፔይዶንግ ያንግ ቡድን ከዚንክ ኦክሳይድ እንደ ሣር ቀጥ ብለው የቆሙ ክሪስታሎችን አበቀለ። ዚንክ ኦክሳይድ በቁስል ቅባት ውስጥ የምናውቀው ነጭ ዱቄት ነው። እያንዳንዱ ክሪስታል ስድስት ጎን ያለው፥ ርዝመቱ ከሚሊ ሜትር አንድ መቶኛ የማይበልጥ ነበር። ማንም አልቆረጣቸውም፥ ማንም አላለሰለሳቸውም። በሥርዓት ስላደጉ ብቻ ሁለቱ ጫፎቻቸው ለየራሳቸው መስተዋት ሆኑ፤ ሲበራባቸውም የሌዘር ብርሃን ሰጡ። በዚያው ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰር ኮኒ ቻንግ-ሃስናይን የሚመራ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2011 አንድ እርምጃ ጨመረ። ኢንዲየም የተቀላቀለበትን ጋሊየም አርሰናይድ በቀጥታ በሲሊኮን ላይ፥ በ400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ፥ ባለ ስድስት ጎን ምሰሶ አድርጎ አሳደገው። በዚህ ሙቀት ሲሊኮኑ ላይ ቀድሞ የተሠራው ኤሌክትሮኒክስ አይጎዳም። የምሰሶው እግር ጠባብ ስለሆነ የአተሞቹ ርቀት አለመግጠም ክሪስታሉን አልሰበረውም። ብርሃኑም በምሰሶው ውስጥ እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ እየዞረ በመመላለስ ሌዘር ሆነ።

ይህን የበቀለ ነገር ሥርዓት የጉራጌ ገበሬ በሌላ መልኩ ያውቀዋል። እንሰት የሚባዛው እንደ ጤፍ በመዝራት አይደለም። የእናቲቱ አሚቾ ተሰንጥቆ፥ ፍግ ተደርጎለት ይቀበራል፤ ከአንዱ አሚቾ ብዙ ችግኝ ይወጣል፤ ችግኙም ከቦታ ወደ ቦታ እየተዛወረ ዓመታት ይጠብቃል። ልጅ የሚመስለው እናቱን ነው። ክሪስታልም እንዲሁ ነው፤ ዘሩ የሠራውን ሥርዓት ይዞ ያድጋል፤ ለመቸኮል የሞከረውን ደግሞ በስንጥቅ ይቀጣዋል።

በዚህ የማብቀል ታሪክ ውስጥ አንድ የእኛ ሰው ስም አለ። ዶክተር ሰሎሞን አሰፋ ኢትዮጵያ ውስጥ ተወልደው፥ በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ፊዚክስና የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተምረው፥ እ.ኤ.አ. በ2004 የዶክትሬት ትምህርታቸውን አጠናቀቁ። ከዚያም በኒውዮርክ ግዛት በሚገኘው የአይ ቢ ኤም ቤተ ሙከራ ኤሌክትሪክና ብርሃንን በአንድ የሲሊኮን ቁራጭ ላይ የማገናኘት ሥራ ያዙ። ሌዘር አፍ ቢሆን እሳቸው የደከሙት ለጆሮው ነው፤ የመጣውን ብርሃን ሰምቶ ወደ ኤሌክትሪክ የሚመልሰውን መሣሪያ ከጀርማኒየም ለመሥራት።

ጀርማኒየምም እንደ ጋሊየም አርሰናይድ በሲሊኮን ላይ አይገጥምም፤ ልዩነቱ ያው 4 በመቶ ያህል ነው። እሳቸውና ባልደረቦቻቸው የተጠቀሙበት ዘዴ የቾክራልስኪን ብዕር ያስታውሳል። ሥሥ ጀርማኒየም በመስታወት መሰል ሽፋን ላይ ይነጠፋል፤ በአንዲት ጠባብ መስኮት ብቻ ከሥሩ ያለውን ሲሊኮን ይነካል። ከላይም ይሸፈናል። ከዚያ ለአጭር ጊዜ በኃይል ይሞቃል። ጀርማኒየም በ938 ዲግሪ ሲቀልጥ ሲሊኮን እስከ 1414 ዲግሪ ስለማይቀልጥ መሬቱ ጸንቶ ይቆያል። ሲበርድ መርጋት የሚጀምረው በዚያች መስኮት ነው፤ ሥርዓቱን ከሲሊኮኑ ተቀብሎ ወደ ዳር እያራዘመ ይሄዳል፤ ጉድለቱም በመስኮቲቱ ዙሪያ ተወስኖ ይቀራል። የሚያስደንቀው ደግሞ ሙቀቱ ለብቻው አለመዘጋጀቱ ነው፤ ለትራንዚስተሮቹ በሚደረገው የተለመደ ማሞቂያ ጀርማኒየሙ አብሮ ቀልጦ አብሮ ረጋ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2010 በኔቸር መጽሔት የወጣው ጽሑፋቸው በ1.5 ቮልት ብቻ እየሠራ በሴኮንድ 40 ቢሊዮን የመረጃ ምልክቶችን የሚቀበል መሣሪያ አሳየ። በ2012 ደግሞ ቡድኑ ብርሃኑንና ኤሌክትሪኩን በተራ የቺፕ ማምረቻ ሂደት አዋሕዶ አቀረበ። ዶክተር ሰሎሞን ከጊዜ በኋላ በናይሮቢና በጆሃንስበርግ ያሉትን የአይ ቢ ኤም የምርምር ማዕከሎች መርተዋል።

የሥነ ጽሑፍ ወዳጅ እዚህ ላይ አንድ ተመሳሳይ ታሪክ ትዝ ሊለው ይችላል። ደራሲ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም የሽነጋን መንደር ታሪክ በቸሃ ጉራጊኛ ጽፎ ነበር። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1964 ለዓለም የቀረበው ግን ዎልፍ ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ መልሶት፥ በአሜሪካ ታትሞ ነው። ዘሩ ከዚህ ነው፤ የታየው ግን ከዚያ ነው። የሰሎሞን ጀርማኒየምም እንዲሁ ነው። ይህ ለወቀሳ አይደለም። ዘር ሄዶ በሌላ መሬት ቢበቅል ዘርነቱ አይጠፋም። ጥያቄው መስኮቲቱን በራሳችን መሬት ላይ እንከፍታለን ወይ የሚለው ነው።

ወልቂጤና ቡታጅራ ለዚህ ጥያቄ እንግዳ አይደሉም። በመካከላቸው ከ3,700 ሜትር በላይ ከፍ የሚለው የጉራጌ ተራራ ቆሞ፥ አንዷ በጅማ መንገድ ሌላዋ በሆሳዕና መንገድ ወደ አዲስ አበባ ይመለከታሉ። ሆል ክሪስታሉን በሚያለሰልስባቸው ዓመታት የጉራጌ ተወላጆች የመንገድ ሥራ ማኅበር አቋቁመው፥ ከመርካቶ ትርፋቸው እያዋጡ፥ ወደ ትውልድ አገራቸው መንገድ ያስገቡ ነበር። መንግሥት እስኪያመጣላቸው አልጠበቁም። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ በወልቂጤ አቅራቢያ፥ በጉብሬ፥ ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመረ። የብርጭቆው ክርም ወደ አካባቢው ደርሷል። ዛሬ ከሁለቱም ከተሞች ሱቆች ስልክ ይገዛል፥ ይጠገናል። ሌዘሩ ግን ተለጥፎ የመጣ ነው፤ ከዚህ አልበቀለም።

እንዲበቅል የግድ የቢሊዮን ብር ፋብሪካ መጠበቅ አለብን? የሌዘር ኢንዱስትሪ ለመሆን አዎን፤ ክሪስታሉን ለማወቅ ግን አይደለም። ከ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ጀምሮ በሰፊው እንደሚታወቀው የዚንክ ኦክሳይድ ባለ ስድስት ጎን ክሪስታሎች ከተራ ውኃ ውስጥ ይበቅላሉ። ዚንክ ናይትሬትና ሄክሳሚን የተባሉ ሁለት ጨው መሰል ኬሚካሎች በውኃ ይሟሟሉ፤ ሥሥ የዚንክ ኦክሳይድ ዘር የተቀባ ብርጭቆ ይነከርበታል፤ በ90 ዲግሪ ሙቀት ለሰዓታት ይቆያል። ይህ ሙቀት ወልቂጤ ላይ ውኃ ከሚፈላበት እንኳ ዝቅ ያለ ነው። ከብርጭቆው ላይ የሚነሡት ዘንጎች፥ አንዳንዶቹ በጥሩ ማይክሮስኮፕ የሚታዩ፥ እያንዳንዳቸው በስድስት ጎናቸው ውስጥ ብርሃንን ይዘው የሚያዞሩ ጓዳዎች ናቸው። ሌዘር ሆነው ሲያበሩ ለማየት ኃይለኛ የሌዘር ምትና የብርሃን መለኪያ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ ያ ውድ ነው፥ በትብብርም ይገኛል። ማብቀሉ ግን በአንድ የዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ አቅም ነው።

በዚያ ሙቅ ውኃ ፊት የቆመች ተማሪ የምትማረው ከመጽሐፍ የተገለበጠ ቀመር አይሆንም። ዘሩ በደንብ ካልተቀባ ዘንጎቹ ተዘበራርቀው እንደሚወጡ፥ ቶሎ ከተጣደፈ ደግሞ ጎናቸው እንደሚጎድል በእጇ ታያለች። በሥርዓት የወጣው ዘንግ ለመስተዋቱ የማንንም እጅ እንዳልጠበቀ ትረዳለች። መንገዱን ያስገቡት አባቶች ድንጋይ ፈልጠው ያለፉት ተራራውን በመርገም አልነበረም፤ በማዋጣት ነበር። ይህኛው መዋጮ ከዚያ ያንሳል፤ አንድ ማሞቂያ፥ ጥቂት ኬሚካል፥ ብዙ ትዕግሥት። ዘሩን የሚነክር እጅ ብቻ ነው የቀረው።